በወረቀት ባልና ሚስት

አባቴ ቤታችን መምጣቱን ያወቅሁት በሽቶው ነው። ኢምፔሪያል አጠገብ ያለችውን የመጋረጃ ሱቄን ዘግቼ ገርጂ ኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ስደርስ ያ ከባድ፣ ጣፋጭ ጠረን አፍንጫዬን መታኝ። ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ በራችን ላይ አራት ጥንድ የወንድ ጫማ ተደርድሯል። አንደኛው አዲስ፣ ሹል፣ ቡናማ ቆዳ ነው። እናቴና እኔ ብቻ የምንኖርበት ቤት በር ላይ የወንድ ጫማ አይቼ ስለማላውቅ ሰው የሞተብን መሰለኝ።

የሞተ ሰው አልነበረም። አባቴ ጢሙን ሒና ተቀብቶ፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ሶፋው መሀል እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ግራና ቀኙ ሦስት ሽማግሌዎች አሉ። በደንቡ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፣ እህልም አይቀምስም። እነዚህ ግን ተደላድለው ተቀምጠው እማዬ የጠበሰችውን ሳምቡሳ አጋምሰውታል። አባቴ ዘይት የነካ ጣቱን በሶፋው ልብስ ጠረገ። በሕይወቱ ረግጦት በማያውቀው ቤት፣ እናቴ በእጇ በሰፋችው ልብስ ላይ። 

"ልጄ፣ ደህና ነሽ?" አለኝ። "ወፍረሻል።"

አባቴን "እሳቸው" ማለት ካቆምኩ ቆይቷል፤ እዚህም አልጀምርም።

ምን እንዳመጣው ወዲያው ገባኝ። ከሳምንት በፊት ወንድሜ ከካናዳ ደውሎ ነበር። ታናሼ ነው። እዚያ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ሚስት አግብቷል፤ ሦስት ዓመት የሆናት ልጅ አለችው። ወላጆቹን ለመውሰድ ከዓመታት በፊት ስሙን አስገብቶ፣ እንደማይሆን ቆርጦ ረስቶት ሳለ ዕጣው ወጣለት። "እማዬን ስፖንሰር ላደርጋት ነው!" ብሎ ሲጮህ ድምፁ ተሰነጣጠቀ። እማዬ ስልኩን ደረቷ ላይ አጣብቃ ሳሎኑን ስትዞር ዋለች። እሱን በአካል ካየችው አሥር ዓመት አልፏል። የልጁን ልጅ ደግሞ የምታውቃት በስክሪን ብቻ ነው፤ ስልክ በጠራ ቁጥር የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች፣ የሻይ ብርጭቆ የሰበረችውን ልቆጥር አልችልም። ጉልበቷ እያስቸገራት ነው። "አንድ ጊዜ ላቅፋትና ከዚያ አላህ እንዳለ" ትል ነበር። ሌላ ነገር ከዚህ ዓለም አትፈልግም።

ወሬው ግን ላምበረት ድረስ ደረሰ። አባቴ የሚኖረው እዚያ ነው፣ ከሌላ ሚስቱ ጋር።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ፤ አለዚያ ንዴቴ አይገባም። አባቴ የደሴ መስመር አውቶቡስ ሹፌር ነበር። እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ አካባቢ ሌላ ሴት ይዟል ተባለ፤ እናቴ ጠየቀችው። እሱም እነዚሁኑ ዘመዶቹን ቤታችን ሰብስቦ፣ እኔና ወንድሜ ከመጋረጃ ጀርባ ቆመን እየሰማን፣ "በሦስት ፈትቼሻለሁ" አላት። በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ ይህ ቃል እንደ ዋዛ የሚመለስ አይደለም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወንዱ ለሴቲቱ ባዕድ ነው፣ እንደ ማንኛውም መንገደኛ። እናቴ የሽማግሌዎቹ እግር ላይ ወድቃ ለመነች። "ተቆጥቶ ነው፤ በቁጣ የተባለ ነው፤ አይቆጠርብኝ" አለቻቸው። ዛሬ "ሐጂ" የሚባሉት ትልቁ ሽማግሌ፣ የአባቴ አጎት፣ ያን ጊዜ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው "በጆሯችን ሰምተናል፤ ተቆጥሯል፤ ከእንግዲህ ለእሱ ሐራም ነሽ" አሏት። አባቴ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ፍቺውን ያስመዘገበ ግን አልነበረም፤ ማን ትዝ ብሎት? ስለዚህ በመንግሥት መዝገብ እስከ ዛሬ ባልና ሚስት ናቸው።

እንግዲህ ሐጂው ሳምቡሳቸውን ውጠው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

"ልጄ፣" አሏት እማዬን፣ "ትዳር ይፈርሳል፣ ይጠገናል። ያን ጊዜ ሰውዬው ተቆጥቶ ነበር። ቁጣ ደግሞ አእምሮ ያስታል። በቁጣ የተባለ ነገር አይቆጠርም።"

እማዬ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች።

"ሐጂ፣ ያን ጊዜ ይህንኑ ነበር ያልኳችሁ።"

"ምን አልሽ?"

"ተቆጥቶ ነው አልኳችሁ። እግርዎ ላይ ወድቄ። ተቆጥሯል አሉኝ።"

አንደኛው ሽማግሌ ሳል ያዛቸው። ሦስተኛው እጃቸውን ወደ ሳህኑ ሰደዱ። እኔ በበኩሌ መሬት ተሰንጥቃ ትውጣቸዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልዋጠቻቸውም።

"ያለፈውን እንተወው" አሉ ሐጂው በመጨረሻ። "ልጁ አባቱን ጥሎ እናቱን ብቻ መውሰድ አልሆነለትም። የአባት ርግማን ፈርቶ ነው፤ የተባረከ ልጅ ነው። አንድ ላይ ትሄዳላችሁ። ኒካሑን አድሺ አንልሽም። በወረቀት ብቻ ነው፣ በወረቀት።" ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ የልጅ ልጃቸው ኮሌጅ እንደጨረሰና ወንድሜ ትንሽ ቢያግዘው መልካም እንደሆነ ለእኔ ሹክ አሉኝ። ዓይናቸውን በጨው አጥበው ነው የመጡት።

ወንድሜን በዚያው ምሽት ደውዬ አፋጠጥኩት። ይንተባተባል። ገቢው ለሁለት ሰው ብቻ ነው የሚበቃው። እማዬን ለብቻ፣ አባዬን ከሚስቱ ጋር ለብቻ ላስገባ ቢል ሦስት ሰው ይሆንና አይቻለውም። አባዬ ደግሞ ስልክ እየደወለ "ጥለኸኝ ብትሄድ አልምርህም" እያለ እንቅልፍ ነስቶታል። እማዬና አባዬ በወረቀት ባልና ሚስት ስለሆኑ አንድ ላይ ቢገቡ ግን ሁሉም ነገር ልክ ይመጣል።

"የት ነው የሚኖሩት?" አልኩት።

"ቤዝመንቱ ውስጥ አሪፍ ሩም አለች።"

"አንድ?"

"አንድ ናት። እንጋርድላታለና! አንቺ አይደለሽ እንዴ መጋረጃ የምትሸጪው?" ብሎ ሳቀ። ሳቁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

እማዬ ግን እምቢ አላለችም። ይህን ነው ያልጠበቅሁት። ለብዙ ቀን ስታስብ ቆይታ "እስቲ ሄደን እንስማ፣ መስማት ምን አለው" አለች። ወንድሜ ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ይዞ ነበር። ጠዋት ተነስታ ለኢድ የምትለብሰውን ቀሚስ ለበሰች፤ ሽቶ ግን አልነካችም። ታክሲ ውስጥ የልጅቷን ፎቶ ከስልኬ ላይ ደጋግማ አስከፈተችኝ። ልትዋሽ እንደቆረጠች ገመትኩ፤ ደግሞም ትዋሽ ብዬ ተመኘሁ።

ቢሮው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ በረዶ የለበሰ ተራራ ተለጥፏል። አስፈጻሚው ሱፍ የለበሰ፣ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ ወጣት ነው። አባቴ ቀድሞን ደርሶ ከእሱ ጋር እየተሳሳቀ ነው፤ ሦስት ኮት በመስቀያ ይዞ መጥቷል።

"ዌልካም ማዘር፣ ይግቡ ይግቡ" አለ ልጁ። "ኬዙ በጣም ክሊን ነው። የጋብቻ ወረቀት አለ፣ የልጆች ልደት አለ። የሚጎድለን ፎቶ ብቻ ነው። ኦፊሰሩ ሪሌሽንሺፑ ጄኑዊን፣ የእውነት መሆኑን ነው የሚያየው፤ ሃያ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው እንዴት አንድ ፎቶ አይኖረውም ይላል፣ ገባዎት?"

ከጠረጴዛው ሥር ካርቶን አወጣ። ሻሽ በየቀለሙ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ከስፖንጅ የተሠራ የልደት ኬክ። ኬኩ ላይ አቧራ ተኝቶበታል። ስንት ሽማግሌና ስንት አሮጊት በዚህ ኬክ ፊት ፈገግ ብለው እንደሄዱ አላህ ይወቀው። አንዱ ፎቶ የኢድ፣ አንዱ የልደት፣ አንዱ ዝም ብሎ እሁድ ከሰዓት ይሆናል፤ ልብስ እየተቀየረ፣ ሻሽ እየተቀየረ፣ በአንድ ጠዋት ሃያ ዓመት ይሠራል። አባቴ ኮቱን ሲቀያይር ደስታው ለጉድ ነው። በመስኮቱ መስታወት ጢሙን እያየ ያስተካክላል። እውነቴን ነው፣ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ በዓይኔ መፈለግ ጀምሬ ነበር።

"ፋዘር፣ ትንሽ ጠጋ ይበሏቸው። እንደሱ አይደለም፣ እጅዎን ትከሻቸው ላይ።"

አባቴ እጁን አነሳ። ያ ቀለበት ያለበት ወፍራም እጅ ወደ እናቴ ትከሻ ሲወርድ አየሁት። አረፈ። እናቴ እንደ ድንጋይ ደርቃ ቀረች። ልጁ ስልኩን ደቅኖ "ስማይል ማዘር" አለ።

"እጅህን አንሳ" አለች።

ጮክ ብላ አልነበረም። አባቴ የሰማ አልመሰለም፤ እንዲያውም ፈገግታውን አሰፋ።

"እጅህን አንሳ አልኩህ!"

አነሳ። እሷም ተነስታ አስፈጻሚው ልጅ ፊት ቆመች።

"ልጄ፣ እስላም ነህ ክርስቲያን?"

"ክርስቲያን ነኝ ማዘር።"

"እንግዲያ አታውቅም፣ አይፈረድብህም። ይህ ሰው ለእኔ ሐራም ነው። የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት በሦስት ፈትቶኛል።"

"በወረቀት ግን እኮ ባልና ሚስት ናችሁ።"

"ወረቀቱ አልሰማማ። እኔ ሰምቻለሁ።" ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። "ፈረንጁ ባልሽ ነው ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ?"

"አዎ ማለት ብቻ ነው ማዘር።"

"ብቻ?" አለች። ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አነሳች።

አባቴ ከኋላችን እስከ ደረጃው ተከተለን። ልጇን የምትጠላ፣ ክፉ፣ የሰው እንጀራ የምትዘጋ ሴት መሆኗን ለመላው ፎቅ አሰማ። የቢሮ ሠራተኞች በየበሩ ብቅ ብቅ አሉ። እሱ ስለ ልጅ ሲያወራ! ወንድሜ በጫማ እጦት ከትምህርት ቤት የቀረ ጊዜ እሱ ከላምበረት ወጥቶ ሊጠይቀን አንድ የታክሲ መንገድ ርቆት ነበር።

ስንመለስ መንገዱ ተዘጋግቶ ብዙ ቆምን። እማዬ አንገቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። "ልጅቷን ሳላያት መሞቴ ነው" አለች፤ ደግማ ደጋግማ። አንጀቴ ስላልቻለ "ዋሺ በቃ፣ እማዬ" አልኳት። "ወረቀቱ እስኪያልቅ ሁለት ዓመት ነው። ማን ያውቅብሻል? ፈረንጁ አያውቅ።"

"እሱ ያውቃላ" አለች። "መጋረጃው ማዶ ተኝቶ እያንኮራፋ፣ ቃሉ ምንም እንዳልነበረ ያውቃል። ያኔ የወደቅኩት፣ ብቻዬን ያሳደግኳችሁ፣ ሁሉ እንደ ቀልድ እንደነበረ ያውቃል። እሱን ማስደሰት አልችልም።" አፍንጫዋን ጠረገች። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ አላነጋገረችኝም።

እኔ ሞኝ፣ ወንድሜ ከዚህ በኋላ እሷን ለብቻዋ ያስገባታል ብዬ አመንኩ። ጥቂት ሳምንት ድምፁ ጠፋ። ሲደውል በእኔ ስልክ ነው የደወለው፣ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ይዤ።

"ዕጣው ሊቃጠልብኝ ነው" አለኝ። "ቀኑ እየደረሰ ነው።"

"እማዬን አስገባታ!"

"አባዬ በየቀኑ እያለቀሰ ነው። በዱዓዬ እይዝሃለሁ ይለኛል። ልጅ አለኝ እኮ፣ በልጄ ቢደርስብኝስ? እማዬ እንደሆነች አትረግመኝም።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አባዬንና ሚስቱን ላስገባ ነው። ሁለት ሰው ይሆናሉ። እማዬን በሚቀጥለው ዕጣ፣ ወላሂ።"

እማዬ እንደሆነች አትረግመኝም። ይህን ሲል ጨርቅ በሜትር እየለካሁ ነበር፤ ቁጥሩ ጠፋብኝ። ርግማን የማይወጣው አፍ ስላላት ነው የተጣለችው። ወንድሜን በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው፣ እስከዚያ ቀንም ስሙ ሲነሳ ደስ ይለኝ ነበር። በዚያች ቅጽበት ተጸየፍኩት። ሌላ ቃል አላገኝለትም።

ሽማግሌዎቹ እንደገና መጡ፤ ያው አራት ጥንድ ጫማ። አዲሷን ሚስት በሕጋዊ ወረቀት ለማስገባት አሮጌው ጋብቻ በፍርድ ቤት መፍረስ ነበረበት። ሐጂው ያችኑ ጣታቸውን አነሱ። "ልጄ፣ ፍቺው እኮ ድሮ የተፈጸመ ነው። በጆሯችን ሰምተናል። ለእሱ ሐራም ነሽ፤ እንግዲህ በወረቀትም ይለቅ።" እኔ ከወጥ ቤት ሆኜ ሳቄ አመለጠኝ፤ የሚያምር ሳቅ አልነበረም። የዚያን ቀን ሳምቡሳ አልቀረበም፤ ውሃም አላቀረብኩም።

እማዬ ግን አላመነታችም። "እሱስ እውነት ነው" አለች። ፍርድ ቤት ሄዳ፣ ዳኛዋ ምክንያቱን ስትጠይቃት "የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት ፈትቶኛል፤ እናንተ ዘንድ ሳይነገር ቆይቶ ነው" ብላ ፈረመች። አባቴ ከጎኗ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

ጉዳያቸው ሁለት ዓመት ግድም ፈጀ። ሊሄዱ ሲሉ ሁለቱም ቤታችን መጡ፤ መንገደኛ "አፉ በሉኝ" ብሎ ይቅርታ ሳይጠይቅ አይሄድምና። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ፣ ቁልፍ የረሳ ሰው በሚያወራበት ጥድፊያ "አፉ በይኝ እንግዲህ" አለ። "አፉ ብያለሁ" አለች እናቴ፤ ፊቱን አላየችውም። ሚስቱ የእኔ እኩያ ትሆናለች። ገብታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷ በላብ ርሷል። እሷን ልጠላት ተዘጋጅቼ ነበር። ግን አባቴ በር ላይ ሆኖ "ፍጠኚ!" ሲላት እንዴት እንደደነገጠች አየሁና ጥላቻው ራሱ አስጠላኝ።

"እትዬ፣" አለች እናቴን፣ ቀስ ብላ፣ "ልጁ ምን ይወዳል? ምግብ ማለቴ ነው። እንዳልሳሳት ብዬ ነው።"

እማዬ አፏን ከፈተች። 

"አላውቅም" አለች። "እዚህ ሳለ ያገኘውን ነበር የሚበላው።"

ሄዱ። ወንድሜ መደወሉን አላቆመም። አንድ እሁድ እማዬ መስኮቱ አጠገብ እግሯን ዘርግታ ጥፍሯን እየቆረጠች ሳለ የቪዲዮው ጥሪ ጮኸ። አነሳሁት። ልጅቷ አድጋለች፤ ከኋላዋ የአባቴ ሚስት ድስት ታማስላለች፤ አባቴ ከካሜራው ውጭ የሆነ ቦታ ያስላል። "እማዬን አቅርቢልኝ፣ ልጅቷ ልታናግራት ነው" አለ ወንድሜ። ስልኩን ወደ እሷ ዘረጋሁ።

ያቺ ለፈረንጅ ሹም አንዲት "አዎ" መዋሸት ያቃታት ሴት ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ጥፍሯን ከወለሉ ላይ በመዳፏ እየሰበሰበች፣ እንዳይሰማት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ሶላት ላይ ናት በይው" አለችኝ።

"ሶላት ላይ ናት" አልኩት።

"እሺ፣ ስትጨርስ እደውላለሁ" አለ። መልሶ ሲደውልም ሶላት ላይ ነበረች።